የኅዳር ደቦ በአቃቂ ሜዳ፤ ስለ ዐጨዳው ቀንና ስለ ማታው ማዕድ

መፀው በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወራት ነው። አበባው ወደ ፍሬ፣ ፍሬውም ወደ ጎተራ የሚሻገርበት ዘመን ስለ ሆነ፣ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይልቅ ባላገሩ ከቤቱ ወጥቶ በሜዳ የሚውለው በዚህ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ፣ ቀድሞ አቃቂ በሰቃ ይባል ከነበረው ከተማ ጀምሮ እስከ ዱከም ድረስ የተዘረጋው ጥቁር መሬት በኅዳር ወር ሲታይ፣ ጤፉ ነጥቶና ጎንበስ ብሎ፣ ሽምብራው ገና አረንጓዴ ሆኖ፣ ሰማዩም ደመና ሳይኖርበት፣ ለዐይን ዕረፍት የሚሰጥ ነው። ለባለ ማሳው ግን ይህ ወር የዕረፍት ሳይሆን የጭንቀት ወር ነው። ጭንቀቱ የሚፈታበት አንዱ መንገድም ደቦ ይባላል።

ስለ ደቦ የተጻፈው ነገር ብዙ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ጸሐፊ «የመረዳዳት ባህል» ብሎ አመስግኖ ያልፈዋል። ምስጋናው ባይከፋም፣ ነገሩን አያስረዳም። ሠላሳ ሰው የገዛ ማሳውን ትቶ የሌላውን ሰው ጤፍ ለማጨድ በውርጭ የሚነሣው በደግነት ብቻ ነው ማለት፣ ገበሬውን አለማወቅ ነው። ገበሬ ቀኑን የሚቈጥር ሰው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሻው፣ ደቦ የራሱ ሕግና የራሱ ሒሳብ ያለው መሆኑን፣ ሕጉም የተጻፈው በማሳው ላይ ሳይሆን በማታው ማዕድ ላይ መሆኑን ነው።

አስቀድሞ ስያሜውን እንለይ። በሸዋ የሥራ ኅብረት ሁለት ዋና ዋና መልክ አለው። አንደኛው ወንፈል ነው። በወንፈል ጥቂት ጎረቤቶች ተስማምተው ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው በየተራ ይሠራሉ፤ አንድ ቀን የሰጠ አንድ ቀን ይቀበላል። በሬ ያዋሰም እንደዚሁ በሬ ወይም ቀን ይመለስለታል። ይህ ቀን በቀን የሚከፈል ብድር ስለ ሆነ፣ የሚበላው ምግብም የዘወትሩ ነው፤ ባለቤቱ ልዩ ድግስ የመደገስ ግዴታ የለበትም። ሁለተኛው ደቦ ነው። በደቦ ጠሪው አንድ ነው፤ ተጠሪው ብዙ ነው። ቀኑ በቀን አይመለስም፤ በምትኩ ጠሪው የመጣውን ሁሉ አጥግቦና አርክቶ የመሸኘት ግዴታ አለበት። በአቃቂ ዙሪያ የሚኖረው የቱለማ ኦሮሞ ገበሬም ይህን ልዩነት በቋንቋው አጥርቶ ያውቀዋል፤ በየተራው የሚሠራውን ዳዶ ይለዋል፤ የድግሱን ግን እርሱም ደቦ ይለዋል። ወደ ሰሜን ሲኬድ ጅጌ የሚል ስም ይገኛል፤ ስያሜውም ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሲለዋወጥ፣ በአንዱ አገር ወንፈል የተባለው በሌላው ደቦ ሲባል ይሰማል። ስሙ ቢዛወርም ሁለቱ መልኮች ግን አይቀላቀሉም። ይህ የእኛ ብቻ አለመሆኑንም ልብ ማለት ይጠቅማል፤ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ገበሬዎች ቀን በቀን የሚመለሰውን አይኒ፣ በምግብና በመጠጥ የሚጠራውን ሚንካ ብለው ለይተው ይጠሩታል።

ደቦ የሚጠራው ማን ነው? በአንድ በኩል መሬቱ የሰፋ፣ ጎተራው የሞላ ባለጸጋ ይጠራል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ጉልበት ያነሰው ሰው፣ ማለት ባልቴት፣ ሕመምተኛ፣ ልጆቹ ያልደረሱለት አባወራ ይጠራል። ይህ የሁለት ወገን ጠሪ መኖሩ ኋላ ስለ ማዕዱ ስንናገር ይጠቅመናልና አንባቢ ያቆይልን።

ደቦ ለምን በኅዳር ይበዛል ቢባል፣ ምክንያቱ ጤፉ ነው። ጤፍ በሐምሌና በነሐሴ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይደርሳል። ፍሬው እጅግ ከማነሱ የተነሣ አንድ ሺህ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ፍሬ ከደረሰ በኋላ በአገዳው ላይ ከቈየ ይረግፋል፤ ረግፎ መሬት የገባው ደግሞ ለባለቤቱ እንዳልተዘራ ነው፤ እንደ ባቄላ ተጎንብሶ የሚለቀም አይደለም። ሳይደርስ ቢታጨድም ፍሬው ይቀጭጫል። ያለ ወቅቱ የኅዳር ዝናም ቢጥል ጤፉ ይጋሸባል፤ የተጋሸበውን ማጨድ ጉልበትን እጥፍ ይጠይቃል። ስለዚህ በመድረስና በመርገፍ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ የጎረቤቱም ሁሉ ማሳ በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ እጅ የሚጠፋው ሁሉም እጅ በሚሻበት ሰዓት ነው።

በዚህ ላይ የበዓላቱ ነገር አለ። የኅዳርን ወር ሠላሳ ቀን ይዘን እንቍጠር። በ5 አቦ፣ በ6 ቁስቋም፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ጽዮን ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ አለ። እሑድ ማጭድ አይነሣም፤ ቅዳሜንም አጥብቆ በሚያከብር ቀበሌ ቅዳሜም ይቀራል። የበዓላቱ አከባበር ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ቢለያይም፣ ሁሉን በሚያከብር ቀበሌ ለሥራ የሚቀረው ከወሩ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። አንዳንድ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን አይተው የበዓል ብዛት ገበሬውን ሰነፍ አደረገው ብለዋል። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ብናየው ይሻላል እንላለን፤ የሥራው ቀን ስላነሰ አንዱ ቀን የብዙ ቀን ሥራ እንዲሠራበት ግድ ሆነ፤ ይህንንም የሚችለው ደቦ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ቀን የሚፈጅበትን ማሳ ሠላሳ ሰው ከጧት እስከ ማታ ይጨርሰዋል። በዓሉና ደቦው እንግዲህ ተቃዋሚዎች ሳይሆኑ ተደጋጋፊዎች ናቸው።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ፤ የደቦው ቀን የሚቈረጠው በእውነቱ እዚያ ነውና። ደቦ ያለ ጠላ አይጠራም፤ ጠላ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይደርስም። ባለቤቲቱ አስቀድማ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ጌሾውን ወቅጣ በውሃ ትጠነስሳለች፤ ጥንስሱ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ብቅሉንና አብሽሎውን ትጨምራለች፤ አብሽሎ ለጠላ ተብሎ የሚጋገረው ቂጣ ነው። ቀጥላም እህሉን አሻሮ አድርጋ ቈልታ፣ አስፈጭታ፣ ድፍድፉን ትደፈድፋለች። ድፍድፉ ሲበስል በውሃ ተሞልቶ አፉ ይታተማል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ብርድ ባለበት ሰሞን ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ በኅዳር መጨረሻ ለሚጠራው ደቦ ጥንስሱ መጠንሰስ ያለበት ጤፉ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው።

የነገሩ ክብደት ከዚህ ላይ ነው። ባልየው በማሳው ዳር ቆሞ ራሱን ዘለላ በመዳፉ አሽቶ ጤፉ መቼ እንደሚደርስ ይገምታል፤ ሚስቲቱ ደግሞ በማጀቷ ውስጥ ሆና ጋኑ መቼ እንደሚደርስ ትገምታለች። ሁለቱ መድረሶች በአንድ ቀን እንዲገናኙ ያስፈልጋል፤ ያም ቀን በዓል መሆን የለበትም። ጠላው ቀድሞ ከደረሰ ይሆመጥጣል፤ ጤፉ ከቀደመ ይረግፋል። ይህን ሒሳብ በቃል ይዞ መጠበቅ የሁለቱም ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን ደቦው ካማረ በኋላ የሚመሰገነው ባልየው ነው። የሥራ ኅብረትን ያጠኑ ሊቃውንት ስለ ማጭድና ስለ መሬት ስፋት ብዙ ሲጽፉ፣ ከደቦው ቀን በፊት ያለፈውን የሁለት ሳምንት የሴቶች ሥራ ሳይቈጥሩ ማለፋቸው ትልቅ ጉድለት ይመስለናል። ማጀቱም ራሱ ደቦ አለው፤ ጎረቤት ሴቶች ለመውቀጥ፣ ለመጋገር፣ ውሃ ለመቅዳት ይሰበሰባሉ፤ የእነርሱ ብድር ግን እንደ ወንፈል በተራቸው ይመለሳል።

ጥሪው የሚደረገው ባለቤቱ ራሱ ከቤት ወደ ቤት ሄዶ ነው፤ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ሰው ተሰብስቦ ሳለ ይነግራል። ለሽማግሌ «ጋሼ፣ ማክሰኞ ጤፌን ያዩልኝ» ይላል እንጂ «ይጨዱልኝ» አይልም። ሽማግሌው ባያጭዱም ልጃቸውን ይሰዳሉ፤ ራሳቸውም ለምርቃት ይመጣሉ። ለእኩያው ግን «ማጭድህን ስለህ ና» ቢለው ነውር የለበትም። የተጠራ ሰው ባይመጣ ቅጣት የለም፤ ዳኛም አይቆምበትም። ነገር ግን እርሱ በበኩሉ በጠራ ጊዜ ማሳው ዳር ብቻውን ይቆማል፤ ከዚህ የከፋ ፍርድም በመንደር አይገኝም።

በደቦው ቀን ጧት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሳለ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ይደርሳል። ጥቂት ቈሎ ይቀመሳል፤ ማጭዱ በድንጋይ ይሳላል። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ሲረግፍ ዐጫጆቹ በማሳው ጫፍ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ግራ እጅ አገዳውን ይጨብጣል፤ ቀኝ እጅ ማጭዱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ጭብጡ ወደ ጎን ይጋደማል፤ ከኋላ የሚከተሉት ደግሞ ጭብጡን ሰብስበው ነዶ ያደርጉታል። መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው አለቃ ሳይሆን ዐይን ነው፤ በሁለት ጎበዞች መካከል የቆመ ጀማሪ ወደ ኋላ ቢቀር በመስመሩ ላይ ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ መታየቱም ከወቀሳ ሁሉ በላይ ያፋጥነዋል።

ከዚያ ዘፈኑ ይነሣል። አንዱ ያወርዳል፤ ሌላው ይቀበላል። ስንኙ አጭር ነው፤ የተቀባዩ ድምፅና የማጭዱ ስበት በአንድ ትንፋሽ ይገጥማሉ። በአቃቂ በኩል ዘፈኑ ከኦሮምኛ ወደ ዐማርኛ፣ ከዐማርኛ ወደ ኦሮምኛ ያለ ችግር ይሻገራል፤ አውራጁ በአንዱ ቋንቋ ቢያወርድ ተቀባዩ በሌላው ሲቀበል ይሰማል። ይዘቱ ባለ ብዙ ነው፤ ስለ ጎበዝ ዐጫጅ፣ ስለ ሰነፍ፣ ስለ ኮረዳ፣ ስለ በሬ ይባልበታል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስለ ጠሪው የሚባለው ነው። በዘወትር ቀን በባለጸጋው ፊት ቀና ብሎ የማይናገር ወጣት፣ በደቦ ቀን በስንኝ «ጠላህ ቀጠነ፣ እጅህ አጠረ» የሚል ነገር ቢያወርድበት ባለጸጋው ይሥቃል እንጂ አይቈጣም፤ ከቈጣም የባሰ ስንኝ ይመጣበታል። እንግዲህ ዘፈኑ ለሥራው ምት ብቻ ሳይሆን ለማዕዱም ዳኛ ነው፤ ማታ የሚቀርበው ነገር ከቀን ጀምሮ በአደባባይ ሲመዘን ይውላል።

እኩለ ቀን ሲሆን ልጃገረዶቹ እንስራና አገልግል ይዘው ይደርሳሉ። በጾም አጥባቂ የሆነ እንደ ሆነ ምሳውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይገፋዋል፤ ወጣቱ ግን በጥላ ሥር ተቀምጦ ንፍሮውንና ዳቦውን ይበላል፤ ጠላውም በመጠኑ ይቀዳለታል። በመጠኑ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማጭድ የያዘ ሰው ሰክሮ ጎረቤቱን እንዳይቈርጥ ነው፤ ደኅናው ጋን የሚከፈተው ማታ ነው። ከአጠገቡ የሽምብራ ማሳ ያለ እንደ ሆነ ልጆቹ እሸቱን ነቅለው በጭድ እሳት ይጠብሱታል፤ ጥላሸት በከንፈሩ ያልታየ ሰውም አይገኝም። ከዐጫጆቹ ኋላ ደግሞ ድሆችና ሕፃናት ወድቆ የቀረውን ራስ ይለቅማሉ፤ ይህ ቃርሚያ ይባላል። ቃርሚያን የሚከለክል ባለ ማሳ ስሙ ይጠፋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ጥግ ይቀራል። ያን ጊዜ መስመሩ ይፈርስና ሁሉም ከየአቅጣጫው ይሽቀዳደማል፤ ፉከራና ሽለላ ይሰማል፤ የመጨረሻው ጭብጥ ሲወድቅ እልል ይባላል። ነዶው ደርቆ እስኪከመር፣ ዐውድማውም በእበት ተለቅልቆ በበሬ እስኪበራይ ድረስ ሌላ ብዙ ሥራ አለ፤ እርሱ ግን በአብዛኛው የቤተ ሰብና የወንፈል ሥራ ስለ ሆነ እዚህ አንገባበትም።

አሁን ማዕዱ ላይ ደረስን። አስቀድሞ አንድ ነገር እንይ። የጽጌ ጾም፣ ምንም እንኳ የፈቃድ ቢሆን፣ በኅዳር 5 ቀን ያበቃል፤ ጾመ ነቢያት በኅዳር 15 ቀን ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይቈያል። በመካከል ያሉት ቀኖች ዘጠኝ ናቸው፤ ከእነርሱም ረቡዕና ዓርብ ይወጣሉ፤ ቁስቋም፣ ሥላሴና ሚካኤልም ለማጭድ አይሆኑም። እንግዲህ የገበሬው ዓመት ትልቁ የሥራ ድግስ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚውለው ሥጋና ቅቤ በተከለከለበት ወራት ነው። በሠርግና በፋሲካ የባለ ድግሱ ክብር በታረደው ሰንጋ ይለካል፤ በኅዳር ደቦ ግን ሰንጋ የለም። ስለዚህ ክብሩ ሁሉ በእህሉና በመጠጡ ላይ ይወድቃል፤ የእንጀራው ዐይን፣ የሽሮው ውፍረት፣ የምስሩ አዋዜ፣ የሱፍ ፍትፍቱ ንጣት፣ የጠላው ጥራት ይታያል። ስልጆም እዚህ ላይ ክብሩን ያገኛል፤ ባቄላው ተፈጭቶ ከሱፍ ውሃ ጋር ተበጥብጦ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት እንዲቦካ የሚደረግ ስለ ሆነ፣ እንደ ጠላው ሁሉ አስቀድሞ የታሰበበት መሆኑን ይመሰክራል። በችኰላ የተሠራ ማዕድ ደቦኛውን አያከብርም፤ የሚያከብረው በቀናት የተጠበቀ ነገር ነው። ሥጋ የሌለበት መሆኑም ባለጸጋውንና ድሀውን ጠሪ ያቀራርባቸዋል፤ በሬ ማረድ የማትችለው ባልቴት መልካም ጠላና ስልጆ ማቅረብ ትችላለችና።

ሰዉ እጁን ታጥቦ በየዕድሜው ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎች በመደብ ላይ፣ ጎልማሶች ከእነርሱ በታች፣ ወጣቶች በበሩ አጠገብ ወይም በግቢው በሣሩ ላይ ይሆናሉ። ካህን ካለ ይባርካል፤ ከዚያ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ በዐማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይመርቃሉ፤ ጎተራው እንዲሞላ፣ ከብቱ እንዲረባ፣ የከርሞ ሰው እንዲያደርጋቸው ይለምናሉ፤ ሁሉም አሜን ይላል። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ አይቀመጥም። ቀን ሁሉ ሲያጭድ የዋለ ቢሆንም እንኳ ቆሞ ያስተናግዳል፤ ጠላ ይቀዳል፤ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» እያለ ይዞራል፤ ለጎበዞቹ በእጁ ያጎርሳል። በዘወትር ቀን የሚታዘዝለት ሰው በዚህች ማታ ታዛዥ ይሆናል። ያነሰ የቀረበለት ሰው አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፤ ግን ዋንጫውን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ የተገለበጠ ዋንጫ ያየ ባለቤት ፈጥኖ ይመጣል። ምሽቱ ሲገፋ የቀኑ ዘፈን ተመልሶ ይነሣል፤ አሁን ግን ማጭድ ስለሌለው ምቱ በጭብጨባ ይተካል።

በማግሥቱ ጧት በድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል፤ ይህም ማጀቱን ላገዙት ሴቶችና ለቃርሚያ ለቃሚዎች ይቀዳል። አተላው ለከብቱ ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ማዕድ የሥራው ዋጋ ነውን? ሒሳብ የሚወድ ሰው፣ የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ጠላና በአንድ ማዕድ ተሸጠ ሊል ይችላል። ነገር ግን ዋጋ ቢሆን ኖሮ ከባልቴቲቱ ዘንድ ያነሰ በቀረበ ጊዜ ሰዉ በተቈጣ ነበር፤ በእውነት የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ድሀዋ ያላትን ካቀረበች ትመሰገናለች፤ ባለጸጋው ከዐቅሙ በታች ካቀረበ ይዘፈንበታል። መለኪያው የሥራው መጠን ሳይሆን የጠሪው ዐቅም ነው ማለት ነው። ለደሞዝ እንዲህ ያለ መለኪያ የለውም።

ልዩነቱን ይበልጥ የሚያጎላው ከሁዳድ ጋር ሲነጻጸር ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በፊት በሸዋ ጢሰኛው በባለ መሬቱ ሁዳድ ላይ ያለ ዋጋ የሚሠራበት ልማድ ነበር። ከሩቅ ለሚያየው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ብዙ ሰው በአንድ መስመር ተሰልፎ የአንድ ሰው እህል ያጭዳል። ነገር ግን በሁዳድ የቀረ ይቀጣል፤ በደቦ የቀረ ይታዘባሉ እንጂ አይቀጣም። በሁዳድ ባለ መሬቱ ቆሞ ያያል፤ በደቦ ባለ ማሳው ቆሞ ያስተናግዳል። ደቦ ብለው ጠርተው ማዕዱን የሚያሳንሱ፣ ጢሰኛውም እንቢ ማለት እንዳይችል የሚያውቁ ባለ መሬቶችም ነበሩ፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ስሙ ደቦ፣ ግብሩ ሁዳድ ሆነ።

የዚህ ዐይነት መጣመም በሌላም አገር ተጽፎ ይገኛል። የኖርዌዩ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ፍሬድሪክ ባርት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሱዳን በዳርፉር የሚኖሩት ፉሮች ለቀን ሥራ ገንዘብ መቀበልን እንደ ነውር ሲቈጥሩ፣ ጎረቤት ጠላ ጠምቆ ቢጠራቸው ግን በደስታ እንደሚሠሩ አስረዳ። ከውጭ የመጣ አንድ ነጋዴ ይህን አይቶ እህል ከሚረክስበት ስፍራ ማሽላ ገዝቶ አመጣ፤ ጠላ አስጠምቆ ሰዉን ጠራ፤ የተሠራለትም ማሽላ ሳይሆን ለገበያ የሚሸጥ ቲማቲም ነበር። ትርፉ ካወጣው ወጪ ብዙ እጥፍ ሆነ። ጎረቤቶቹ አልተታለሉም፤ ጠላውን ጠጥተዋል፤ ነገር ግን ነጋዴው በእነርሱ ደቦ ላይ ተጠርቶ አይሠራም፤ ፍሬውም ከመንደሩ ወጥቶ ይሄዳል። የባርት ነጋዴ ለእኛም ትምህርት አለው፤ ማዕዱ ትርጉም የሚኖረው ዛሬ የሚያስተናግደው ሰው ነገ ማጭድ ይዞ በሌላው ማሳ የሚሰለፍ ሲሆን ነው።

በአቃቂ ይህ ሁኔታ የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሐዲዱ ይህን ሜዳ አቋርጦ አለፈ፤ ጤፉም ወደ ከተማ ገበያ የሚወስደው መንገድ አገኘ። ከዚያ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ የገበሬው ልጅ ከማጭድ ይልቅ የወር ደሞዝን መረጠ። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ መሬቱ ራሱ ሄደ። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦና ኮዬ ፈጬ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተደረደሩባቸው ስሞች ናቸው፤ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበሩ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በዚሁ ጥቁር መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ገላንም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃሏል። ማሳ የቀረላቸው ገበሬዎች አሉ፤ ዕርሻው ግን ስለ ጠበበ ሁለት ሦስት ወንድማማች በወንፈል ይጨርሱታል፤ ሰፊ ማሳ ያለው ደግሞ ከሩቅ አገር በመኸር የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች በገንዘብ ይቀጥራል። ለቀን ሠራተኛ ጋን አይጠነሰስም። የመሬት ካሳ ሲተመን የማሳው ስፋትና የሰብሉ ምርት ይቈጠራል፤ ገበሬው ሲነሣ የሚፈርሰው የተጠሪዎች ዝርዝር፣ ማለት ማን ለማን ማጭድ ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቀው ሥርዓት፣ በየትኛውም ቅጽ ላይ ስፍራ የለውም።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጋዜጦችና በአደባባይ ንግግር «የደቦ ፍርድ» የሚል አነጋገር ተለምዷል፤ ትርጓሜውም ሰዎች ተሰብስበው ያለ ዳኛና ያለ ማስረጃ በሰው ላይ ጉዳት ማድረሳቸው ነው። ቃሉን የወሰዱት ሰዎች ከደቦ የያዙት የብዛቱን መልክ ብቻ ነው። በስም የሚጠራ ባለቤት፣ በስም የሚታወቅ ተጠሪ፣ ጠሪውን የሚመዝን ዘፈን፣ ጎድሎ ሲገኝ የሚገለበጥ ዋንጫ በዚያ ውስጥ የሉም። ቋንቋ እንዲህ መለወጡ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የከተማ ተማሪ ቃሉን መጀመሪያ በዚህ ትርጕም ሰምቶ ካደገ፣ ስለ ዐጨዳው ደቦ ሲያነብ ግራ መጋባቱ አይቀርምና መምህራን ቢያስተውሉት መልካም ነው።

የሽምብራው እሸት ግን ዛሬም በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ፣ ከአቃቂ እስከ ዱከም ባለው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከነሥሩ ተነቅሎ በእቅፍ በእቅፍ ይሸጣል፤ ከጋራ መኖሪያ ቤቶቹ የሚመጡ ሰዎችም ይገዙታል።